ፊቴ የሸጣት መኪና

አጭበርባሪ አይደለሁም።

ጨዋታ በዚህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ሰው መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣል፤ ስለ ዝናቡ ትንሽ ያማርራል፤ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይገባል። እኔ ግን ሰላም ካልኳቸው ሰዎች ገሚሶቹ "መኪናችንስ?" እያሉ ስለሚመልሱልኝ ይህችን ከሰላምታ በፊት ማስቀደም ለምዶብኛል። ቴፒ ውስጥ እስካሁን የማያምኑኝ አሉ። ወደ ማጂ ደግሞ ወሬው ገና እየደረሰ ነው ይባላል።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሲሚንቶ እሸጣለሁ። ለማያውቀው ሰው ቀላል ሥራ ይመስላል። ቆርቆሮ ባጃጅ ጣሪያ ላይ አስራችሁ በዝናብ ዳገት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ባጃጁ ክንፍ ያወጣል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሹፌሩ መሪውን፣ እኔ ሹፌሩን አጥብቀን ይዘን ነው የምንሄደው። ደርሰን ስናወርደው ደግሞ ደንበኛው የታጠፈውን ቆርቆሮ አገላብጦ ያይና "ይሄ ቆርቆሮ ነው ሳምቡሳ?" ይለኛል።

ስለዚህ መኪና አስፈለገኝ። እዚህ አገር ያለው ያገለገለ መኪና ዋጋው ሲጠራ ሰውን ያስደነግጣል። "ከውጭ አስመጣ፣ ይሻልሃል" አሉኝ። ከውጭ የሚገባው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ብቻ ነው። ይህንን ለባለቤቴ ለብርቱካን ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን እንኳ አላቆመችም።

"መብራት ሲጠፋ በምን ልትነዳው ነው?"

"መብራት ሲመጣ ቻርጅ አደርገዋለሁ።"

"እሱ መቼ እንደሚመጣ ለመኪናው ማን ይነግረዋል?"

ሱቄን ልክፈት ብዬ ወጥቼ ሄድኩ።

ከመብራቱ ይልቅ እኔ የፈራሁት መጭበርበርን ነበር። የሚወራው ወሬ ያስፈራላ! አንዱ ገንዘቡን ልኮ የመጣለት የመኪናው ፎቶ ብቻ ነው ይባላል። ሌላው ጅቡቲ ድረስ ሊቀበል ወርዶ፣ መኪና የሚባል ነገር ሳያይ በሙቀት ታሞ ተመለሰ ይባላል። እኔ እንደነሱ ላለመሆን ቆርጬ ተነሳሁ። ስለ ማጭበርበር የሚያስተምር ቪዲዮ አንድም ሳይቀር አየሁ። እንዳየሁም ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም፤ ሰውን ማስተማር ጀመርኩ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ "የሻንሲ ቁጥር ሳታዩ ብር እንዳትልኩ" ስል የሟች ወንድም ሰምቶኝ "እባክህ መጀመሪያ ወንድሜን ልቅበር" አለኝ። ተቀየምኩት። ለእሱው ብዬ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ እውቀቴ ላይ ነው ዳኒ የመጣው።

ዳኒ ዱባይ ሆኖ ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ቤት የሚልክ ነኝ የሚል፣ ድምፁ እንደ ማር የሚፈስ ሰው ነው። በስልክ እንጂ በአካል አይቼው አላውቅም። "አባቴ" ነው የሚለኝ። የወለድኳቸው ልጆች "አባቴ" ብለውኝ አያውቁም፤ "ሰውዬው" ነው የሚሉኝ። ያም ሆኖ አልተሸነፍኩም። የሻንሲ ቁጥር ጠየቅሁት፤ ላከ። የባትሪውን ጤንነት ጠየቅሁት፤ ሐኪም የጻፈው የሚመስል ወረቀት ላከ። የውስጧን፣ የሥሯን፣ የጎማዋን ፎቶ ጠየቅሁት፤ ሁሉንም ላከ። አምስተኛውን ወይም ስድስተኛውን ጥያቄ ስጠይቀው ግን ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ገባ።

"አባቴ፣ አይቀየሙኝና እኛም እኮ እንጠነቀቃለን። ስንቱ ነው እገዛለሁ ብሎ ያጭበረበረን!"

ደነገጥኩ። ለካ የምጠረጠረው እኔ ነኝ! እኔ እሱን ስፈራ እሱ እኔን ይፈራል። ይሄን ያህል አጭበርባሪ የሚፈራ ድርጅት እንዴት ራሱ አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል? ብዬ አሰብኩ። ይህንን ሐሳብ ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ለአጭበርባሪ አጭበርባሪ አለመሆኔን ሳስረዳ ነው ያሳለፍኩት። መታወቂያዬን በፊትም በጀርባም አንስቼ ላክሁ። የሱቄን ንግድ ፈቃድ ላክሁ። የሱቄን በር ላክሁ። "በሩ ላይ ቆመው ቢነሱ ጥሩ ነበር" አለኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ ላክሁ። በመጨረሻ "አንዲት አጭር ቪዲዮ ብቻ ቀርታናለች፤ ለፋይል ነው" አለኝ። የማቆሚያ ቦታ እንዳለኝ እንዲታይ ከአንድ መኪና አጠገብ ቆሜ የሚከተለውን እንድል ጻፈልኝ፦ "እኔ የሚዛን ተፈሪ ነጋዴ ነኝ። መኪናዋን አረጋግጫለሁ። በአገልግሎታችሁ በጣም ደስተኛ ነኝ። ሌላውም ሰው ይጠቀም። አመሰግናለሁ።"

ሞኝ አይደለሁምና ጠየቅሁት። "መቼ ተረከብኳት?"

"አባቴ፣ የሻንሲ ቁጥሯን አረጋግጠዋል ወይስ አላረጋገጡም?"

"አረጋግጫለሁ።"

"በአገልግሎታችን ደስተኛ አይደሉም?"

"ነኝ።"

"ሌላው ሰው ቢጠቀም ይጠላሉ?"

"ኧረ በፍጹም!"

"ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?"

ውሸቱን ፈለግሁት፤ አጣሁት።

ጎረቤቴ ሐጂ ከማል ከጅማ መጥተው እዚሁ የከበሩ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ነጭ መኪና አለቻቸው፤ ከሚስታቸው ቀጥሎ የሚሳሱላት። ጉዳዩን ነግሬያቸው ግቢያቸው ገብቼ ከመኪናዋ አጠገብ ቆምኩ። ለሠርጌ ያሰፋሁትን ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ ኮቱ አልቆልፍ ስላለኝ ትንፋሼን ውጬ ነው የቆምኩት። የቀረጹኝ ራሳቸው ሐጂ ናቸው። የመጀመሪያውን አውራ ጣታቸው ሸፈነው። ሁለተኛውን ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወርዶ ድምፄን ዋጠው፤ ያውም እኔው የሸጥኩላቸው ቆርቆሮ ነው። በሦስተኛው ሐጂ ተናደዱ።

"ሳቅ በል እንጂ! መኪና የገዛህ ነው የምትመስለው ወይስ መኪና የገጨህ?"

ሳቅሁ። ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ ሳቅሁ። መኪናዋን በፍቅር መታ መታ አደረግኋት። ቪዲዮው እንዴት አማረ! ላክሁት።

ቀጥሎ ያለው ክፍያው ነው፤ የባንክ ሂሳባችን ደግሞ የኔና የብርቱካን የጋራ ነው። አልፈርምም አለች። ለመንኳት፤ አልፈርምም። ፎቶዎቹን በሙሉ አሳየኋት፤ "ቆንጆ ናት፣ መጥታ በራፌ ላይ ቆማ ጥሩንባዋን ስትነፋ እፈርማለሁ" አለች። አፍሬ ለዳኒ ደወልኩና ባለቤቴ ትንሽ አስቸግራለች አልኩት። ይለማመጠኛል፣ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ "ምንም ችግር የለውም አባቴ፣ ቤትዎ ሰላም ይሁን" ብሎ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳም። በምድር ላይ ካሉት ጨዋ ሰዎች አንዱን ሚስቴ አስቀየመችብኝ ብዬ ስንት ቀን አኮረፍኳት! እራት እየበላሁ አኮርፋለሁ፤ ማኩረፌን ሳታይ እንዳይቀር ደግሞ እንጀራ እጨምራለሁ።

ከዚያ የደስታ መግለጫው ጀመረ።

መጀመሪያ አንዱ መንገድ ላይ አቅፎ ሳመኝና "እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ። ልጅ የወለድን መስሎት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ "አንተ ደግሞ ከኛ ጋር ምን ትጋፋለህ?" ብሎ ሒሳቡን ቆለለብኝ። እሁድ ቸርች ውስጥ አንድ ወንድም ተነስቶ ጌታ ለወንድማችን ስለሰጠው መኪና አመሰገነ፤ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም ስለ ማን እንደሚያወራ ሳላውቅ አብሬ አጨበጨብኩ። የሚስቴ ዘመድ ከቦንጋ ደውሎ ለልጁ ሠርግ መኪናዋን አበባ አስሬባት እንድልክለት ጠየቀ። የለኝም ስለው "መንገዱን ፈርተህ ነው" ብሎ ተቀየመ።

በመጨረሻ ሐጂ ከማል ስልካቸውን እንደ ተናዳፊ ንብ ከራሳቸው አርቀው ይዘው ሱቄ ገቡ።

"የኔን መኪና ሸጥካት!"

"ማን? እኔ?"

"እየው!"

አየሁ። እኔው ነኝ። ኮቴ ደረቴን ጨምቆ፣ ጥርሴ ወጥቶ፣ የሐጂን መኪና እየደባበስኩ። ከሥር ሙዚቃ ገብቶበታል። ከላይ በትልልቅ ፊደል "ደስተኛ ደንበኛችን ከሚዛን! መቶ በመቶ ኤሌክትሪክ!" ይላል።

"ኤሌክትሪክ!" አሉ ሐጂ። "ናፍጣ ስትጠጣ ኖራ! ከጠዋት ጀምሮ አራት ሰው በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች ብሎ ጠየቀኝ!"

እንግዲህ ያኔ ነው የገባኝ። ዳኒ ብሬን አልፈለገም ነበር ማለት አይደለም፤ ብሬን ሲያጣ ግን ፊቴን ይዞ ሄደ። ሳስበው ፊቴ ሳይሻለው አልቀረም። ብር ያልቃል፤ ፊት ግን ለስንቱ ይሸጣል!

ከቴፒ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ቡና አምራቾች ናቸው፤ ቀብድ ልከው ዳኒ ጠፍቶባቸዋል። ሱቄ በር ላይ ቆመው አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው እኔን ያያል። "እሱ ነው" አለ ስልኩን የያዘው። ያስረዳኋቸውን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙኝና "እሺ፣ ብራችንን ስጠን" አሉኝ። ሦስታችንም ወደ ፖሊስ ሄድን። ተረኛው ፖሊስ ቪዲዮውን ከፈተ፤ ሙዚቃው ጥሞት ነው መሰለኝ ሁለቴ አየው።

"ይሄ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ተከሳሹስ?"

"ይሄን የሚያሳየው ሰው ነው።"

"የሚያሳየውን ስሙን ታውቃለህ?"

"ዳኒ።"

"የአባቱ ስም?"

 ስለዚያች መኪና ያልጠየቅሁት ነገር አልነበረም፤ የሰውዬውን የአባት ስም ግን አልጠየቅሁም። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ታዲያ እስካሁን በስሙና በፊቱ የማውቀው አንተን ብቻ ነው" አለኝ። ወንድማማቾቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃሌን ሰጥቼ ወጣሁ፤ እነሱም የላኩትን ቀብድ እስከ ዛሬ አላገኙትም። እኔ የወሰድኩባቸው ያህል ነው የሚሰማኝ።

ሁሉም ይሁን። ወይዘሮ ታደለች የመጣች ዕለት ግን ልታመም ነበር።

ከጌጫ ነው የመጣችው። ማርና ኮረሪማ ነጋዴ ናት፤ ቦቲ ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሷል። እጇ ላይ ማር የሞላ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛለች። ስታየኝ ፊቷ በራ።

"እርስዎን በአካል ሳላይ ብር አልልክም ብዬ ነው የመጣሁት። ስለ መልካም ምስክርነትዎ ጌታ ይባርክዎ። ይቺ ለልጆቹ ናት" ብላ ማሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

ብሩ የራሷ ብቻ አልነበረም፤ የእህቷም አለበት። ከሰዓት በኋላ ባንክ ገብታ ልትልክ ነው።  ከመቀመጫዬ ተነስቼ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ መኪና እንደሌለኝ፣ መኪናዋ የሐጂ እንደሆነች፣ ቪዲዮው ለፋይል ነው ተብዬ እንደቀረጽኩት። ስጨርስ ማሩን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበችው።

"ዳኒ ነግሮኝ ነበር" አለች። "ሰው ሌላው መኪና እንዳይገዛ ይቀናል ብሎኛል። እርስዎ እንዲህ ይሆናሉ ብዬ ግን አልጠበቅሁም።"

"እህቴ፣ በምን ልማልልሽ?"

"አይማሉ፤ መሐላ ኃጢአት ነው።" ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እኔ ስደውል የማያነሳው ዳኒ ለእሷ ወዲያው አነሳ።

"እማዬ!"

"ዳኒ፣ ሚዛን ነኝ። ሰውየው መኪና አልገዛሁም እያለኝ ነው።"

"ዳኒ!" ብዬ ጮህኩ። "አንተ ሌባ! እኔ ነኝ!"

ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ያ የማር ድምፁ ተመለሰ። "እማዬ፣ እንዳይሰሙት። እሱ መሳይ ነው፤ ሲያስቸግረን ቆይቷል። ትክክለኛው ደንበኛችን አሁን ሁለተኛ መኪናውን ሊረከብ ሄዷል።"

እውነቱን ልናገርና ለአንድ አፍታ በዚያኛው እኔ ቀናሁበት። ሁለተኛ መኪና!

ሐጂ ጩኸት ሰምተው መጡ። እሳቸውም መሰከሩ፤ አላመነቻቸውም። ብርቱካን ከቤት መጣች፤ ሚስቱ ነኝ ብትላት "የየትኛው?" አለቻት። ይሄኔ ብርቱካን ወደ ቤት ተመልሳ ያንን ሙሉ ልብስ አመጣችና ወረወረችልኝ። ለበስኩት። የሐጂን መኪና አወጣን። አጠገቧ ቆሜ "እኔ የሚዛን ተፈሪ ነጋዴ ነኝ፣ መኪናዋን አረጋግጫለሁ" አልኩ። ገበያተኛው ቆሞ ያያል። ወይዘሮ ታደለች ስልኩን ከፊቴ ጎን አስጠግታ አመሳከረች።

"ያኛው ይስቃል" አለች።

"እንዴት ልሳቅ? ምን አለና ልሳቅ?"

"ያኛው ረጋ ያለ ሰው ነው። እርስዎ ይጮኻሉ።"

ምን ይደረጋል? ፊቴ ሁለት ቦታ ሆኖ አንዱ ከአንዱ ጋር ተጣላብኝ፤ ሰው የወደደው ደግሞ የዚያኛውን ነው። ደክሞኝ የመኪናዋን ጎማ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ታደለች ቆማ እኔንም ስልኩንም ለረጅም ጊዜ አየችን። ሁለታችንንም ያላመነች መሰለኝ። እንደገና ደወለች።

"ዳኒ፣ የወንድሜ ልጅ እዚያው ዱባይ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ዓርብ እረፍቷ ነው። አድራሻህን ስጠኝ፣ መጥታ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ፎቶ ትነሳ። ያኔ ወዲያው እልካለሁ።"

ዝም።

"ዳኒ?"

"እማዬ... ኔትወርክ..."

"ለእኔ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የት ጋ ትምጣ?"

ስልኩ ተዘጋ። ደግማ ደወለች፤ አይሠራም። በሐጂ ስልክ ስትሞክር ጠራ፤ "አቤት አባቴ" አለ፤ ድምጿን ሲሰማ ያም ተዘጋ።

ሱቄ ገብታ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች።  ቀስ ብላ መቀነቷን ዳበሰች፤ የባንክ ደብተሯ እዚያ መሆኑን አየች መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ "አንተ" ሆንኩ።

"ለምን ያን ያህል ሳቅህ?"

"እ?"

"መኪናዋን አይደለም ያመንኩት። ዳኒንም አይደለም። እንዲህ የሚስቅ ሰው አይዋሽም ብዬ ነው። እህቴንም ያሳመንኳት ሳቅህን አሳይቼ ነው። ለምን ሳቅህ?"

"ሐጂ ሳቅ ስላሉኝ" አልኩ። ሐጂ ወደ ጫማቸው አዩ። መልሴ ለራሴም አልጣፈጠኝም። እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጠረገችው። ብርቱካን አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት። የሚናደዱብኝን ሰዎች ለምጃለሁ፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የተበሳጨሁት እኔ ስለተታለልኩ፣ ስሜ ስለጠፋ ነበር። ሴትዮዋ ጌጫ ቁጭ ብላ ፊቴን አይታ እንዳመነችኝ ግን አስቤ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ባንክ ሳይሆን ሐጂ ግቢ ገባን። ሐጂ ሌላ ቪዲዮ ቀረጹ፤ አውራ ጣታቸውን በጥንቃቄ አንስተው። እኔና ወይዘሮ ታደለች ጎን ለጎን ቆመን የሆነውን ሁሉ ተናገርን። አልሳቅሁም። ለምናውቀው ሁሉ ላክነው። ያየው ሰው ጥቂት ነው። ከሥሩ ከተጻፉት አስተያየቶች አንዱ "ቅናት" ይላል፤ ሌላው "ሙዚቃ ቢኖረው" ይላል።

ወይዘሮ ታደለች ግን በቪዲዮ አልተማመነችም። ከዚያ ወዲህ ከጌጫ ይሁን ከማሻ መኪና ከውጭ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ስትሰማ "መጀመሪያ ሚዛን ሄዳችሁ ሰውየውን እዩት" እያለች ትልክብኛለች። ይመጣሉ። ያዩኛል። ቁጭ ይላሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳለሁ፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። አመስግነው አንዲት ሚስማር ሳይገዙ ይሄዳሉ። ቆርቆሮውን ዛሬም በባጃጅ ነው የማደርሰው።

ባለፈው አንድ ጎልማሳ መጣ። እንደሱ አድርጎ የሰማኝ ሰው የለም። ሳይናገር፣ ሳያቋርጥ፣ ራሱን እየነቀነቀ። የሻንሲውን፣ የቪዲዮውን፣ የፖሊሱን፣ የወይዘሮ ታደለችን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሲያበቃ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "ተምሬያለሁ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ" አለ። ቢያንስ አንድ ሰው አዳንኩ ብዬ ደስ አለኝ።

በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

"ጋሼ፣ ላስቸግርዎና የዚያን የዱባዩን ልጅ ስልክ ቢሰጡኝ?"

"ለምንህ?"

ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኔ እንኳ እንደ እርስዎ አልሸወድም።"